ከሐረጉ የጣልኳት ሴት

ጡረታ የወጣሁት በአሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። አትሳቁብኝ። ኦክላንድ ቻይናታውን ውስጥ በአንድ የኩንግ ፉ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ሠርቼ፣ ባለፈው ሰኔ የበሩን ቁልፍ ለአለቃዬ መልሻለሁ። ቁልፍ ያስረከበ ሰው ደግሞ ትዝታውን የመጻፍ መብት አለው ብዬ አምናለሁ። በአማርኛ የምጽፈው እማዬ ማንንም ሳታስቸግር ራሷ እንድታነብበው ነው። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ስለሆነ እዚህም እዚያም ስህተት አይጠፋም፤ ግን መጻፍ እንደዚህ ደስ እንደሚል ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ከአምስት ዓመቴ ጀምሬ እጽፍ ነበር።

አለቃዬን ሁላችንም ሲፉ እንላቸዋለን። በካንቶኒዝ መምህር ማለት ነው፤ አባት የሚል ስሜትም አለበት። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ቀጭን ናቸው፣ ሳል ሲይዛቸው እንኳ ቀጥ ብለው ነው የሚስሉት። እሳቸው ዘንድ በተማሪነት ሁለት ዓመት ከቆየሁ በኋላ፣ አሥራ አምስት ዓመቴን እንደያዝኩ፣ የሕፃናቱ ክፍል ረዳት እንድሆን ጠየቁኝ። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሰው ለመሥራት ወርክ ፐርሚት የሚባል ፈቃድ ያስፈልገዋልና ከሃይስኩል ቅጹን አመጣሁላቸው። የሥራው ዓይነት በሚለው መስመር ላይ ብዙ ካሰቡ በኋላ «ጫማ» ብለው ጻፉ። የትምህርት ቤቱ አማካሪ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ፈረመችልኝ። ደሞዙ ለባቡርና ለስልኬ ይበቃ ነበር፤ ስለ እሱ ሌላ የምለው የለኝም።

እውነትም የመጀመሪያ ምደባዬ ጫማ ነበር። ልጆቹ በር ላይ የሚያወልቁትን መደርደር። ቀላል ይመስላል። ሲፉ ግን አንድ ሰኞ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው አንዱን ጫማ ገለበጡና ተረከዙ በየት በኩል እንደተበላ አሳዩኝ። በውጭ በኩል የተበላ ከሆነ ልጁ ሲቆም ጉልበቱን ወደ ውጭ ይጥላል፤ በፊት በኩል ከሆነ ይቸኩላል። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ገና ሳይሰለፉ ማን ምን እንደሚያስቸግረው አውቅ ነበር። እናቶቹ ጠንቋይ መሰልኳቸው።

ሁለተኛው ምደባዬ በትሮቹ ነበሩ። ነጫጭ፣ ረጃጅም፣ አንድ ጫፋቸው የቀጠነ። በወር አንድ ጊዜ ዘይት በነካ ጨርቅ ይታሻሉ። ጨርቁ የሆነ ቦታ ላይ ከያዘ ስንጥቅ አለ ማለት ነው፤ ያ በትር ያን ቀን ከመደርደሪያው ይወርዳል፣ ምንም ያህል ቢያምር። አንድ ጊዜ ጨርቁ ሲይዝ ተሰምቶኝ ሰንፌ አለፍኩት። ሲፉ ከወዲያኛው ጥግ ሆነው፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ያዘሽ» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ሦስተኛው ልጆቹ ናቸው። አሥራ አራት ነበሩ፤ ትንሿ ስድስት ዓመቷ፣ ትልቁ አሥራ አንድ። የፈረስ አቋቋም እንላለን፤ እግር ከፍቶ፣ ጭን አውርዶ፣ ጀርባ አቅንቶ መቆም። እኔ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፣ እነሱ ይንቀጠቀጣሉ። ከዚያ የትምህርት ቤታችን ልዩ ምልክት የሆነችው ጠባብ እርምጃ ትመጣለች። ሌላ ቦታ ሰፋ አድርገው የሚረግጡትን እኛ በጣም አጥብበን፣ ተረከዝ ከተረከዝ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ዞር እንላለን። ልጆቹ ለምን ሲሉኝ የተባልኩትን እላቸው ነበር፤ የጥንት አባቶቻችን ጀልባ ላይ ስለተዋጉ። «አባቶቻችን» ስል አንዱ ልጅ ቀና ብሎ ፀጉሬን ያያል። እኔም አየዋለሁ። እንቀጥላለን።

እማዬ መጀመሪያ ላይ ይህን ነገር አልወደደችውም ነበር። መማታቱ አይደለም ያስጨነቃት፤ ግድግዳው ላይ የሞቱ መምህራን ፎቶ አለ፣ ሲገባም ሲወጣም ጎንበስ ይባላል። እሷ ጴንጤ ናት፣ እኔም ነኝ። አንድ ቀን ከሥራዋ በቀጥታ፣ የአረጋውያን መኖሪያው ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጣችና ሲፉን በራሷ እንግሊዝኛ ጠየቀቻቸው። ይጸልዩላቸዋል ወይስ ምንድን ነው? ሲፉ ምንም አልከፋቸውም። ለሽማግሌ ሰላምታ ነው፣ አልችልም ያለ ሰው ቆሞ ዝም ቢል ይበቃል አሏት። እማዬ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየችና በአማርኛ ወደ እኔ ዞራ፣ «ለትልቅ ሰው እጅ መንሳትማ እኛም አለን» አለች። በዚያው አለቀ። የሚቀጥለው ሳምንት እሷ ራሷ በር ላይ ጎንበስ ስትል ያዝኳት።

አሁን ወደ ዋናው ሥራዬ ልምጣ። አራተኛው ምደባዬ ሐረጉ ነበር።

ኩንግ ፉ የሚማር ሰው ሁሉ ከማን እንደተማረ፣ ያም ሰው ከማን እንደተማረ፣ ወደ ላይ መቁጠር አለበት። ስልቶቹ ብዙ ናቸው። የሰሜኖቹ ረጅም እርምጃና ረገጣ ይወዳሉ፣ የደቡቦቹ ዝቅ ብለው በእጅ ይሠራሉ፣ ከነብርና ከሽመላ የተቀዱ አሉ፣ በለስላሳነት የሚሄዱ አሉ። ከደቡቦቹ ብዙዎቹ ሐረጋቸውን ሲቆጥሩ መጨረሻቸው አንድ ቦታ ነው፤ የተቃጠለ የሻኦሊን ገዳም፣ ከእሳቱም ያመለጡ ጥቂት መነኮሳት። እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ ዕንባዬ መጥቶ ነበር። ሲፉ ግን የቆዳ ሽፋን ያለው ደብተራቸውን አውጥተው ገጹን አሳዩኝ። ስሞቹ ግማሾቹ በጥቁር ቀለም፣ ግማሾቹ በእርሳስ ነበር የተጻፉት።

በዓይናቸው ያዩት መምህር በቀለም ይጻፋል። የሰሙት በእርሳስ ይጻፋል፣ አጠገቡም ማን እንደነገራቸው። ገዳሙና መነኮሳቱ በጣም በሣሣ እርሳስ ነበሩ። ሰሜን በእግር ደቡብ በእጅ የሚለው ራሱ በእርሳስ ነው አሉኝ። ታዲያ ውሸት ነው ወይ ስላቸው፣ ውሸት ሌላ እርሳስ ሌላ ነው አሉ። የእሳቸው ነገር ሁሉ እንዲህ ነበር። ለጎብኚ ሲያስረዱም «ይህን አይቻለሁ፣ ይህን ሰምቻለሁ» ሳይሉ አንድ አረፍተ ነገር አይወጣቸውም። ደንበኛ ያባርራል፤ ሰው ኩንግ ፉ ሊማር የሚመጣው እርግጠኛ ነገር ሊሰማ ነው።

«ግን ለምን ሁሉም ከመነኩሴ ይጀምራል?» አልኳቸው።

«አስተማሪዬ ዓሣ ሻጭ ነበር ብሎ ትምህርት ቤት የሚከፍት ማን ነው?»

ይህን ለአባዬ ስነግረው ሳቀ። እኛ አገርም የደጃዝማች የልጅ ልጅ ያልሆነ ሰው አጋጥሞት እንደማያውቅ ነገረኝ።

ባለፈው የአሜሪካ ክረምት ሲፉ ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላለ ሰኔ ላይ ሊያቆሙ ወሰኑ። የምንለማመድበት አዳራሽ ባለቤት የሆነው ማኅበር ለልጆቹ ከሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ተጠቀሙበት ብሏል፤ የጠፋው አስተማሪ ነው። እኔ ኮሌጅ ልገባ ነው፣ ደግሞም ረዳት እንጂ አስተማሪ አይደለሁም። የእኛን ስልት በሙሉ የሚያውቁ ሌላ ሰው ያሉት ሳን ሆዜ ብቻ ነው፤ አቶ ታም፣ ሰማንያ የተጠጉ ሰው። ከሲፉ ጋር ለብዙ ዓመት በአሮጌ ቅሬታ ሳይነጋገሩ ኖረው፣ ሲፉ ስልክ ደወሉላቸው። አቶ ታም ጆይስ የምትባል ተማሪያቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ሊልኩልን ቃል ገቡ። ያ ቃል ባይኖር አሥራ አራቱ ልጆች ይበተናሉ። ነገሩ ይህ ብቻ ነው፣ ግን ለእኔ ሁሉ ነገር ነበር።

በቻይናውያን አዲስ ዓመት ምሳ ላይ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ሊገናኙ ተቀጠረ። ለዚያ ቀን ሐረጉን በትልቅ ባነር አሠርቼ ግድግዳ ላይ ልሰቅል እኔ ጠየቅኩ። ሲፉ ደብተሩን ሰጡኝ። ወረቀት ቆርጬ እያንዳንዱን ስም ካርድ ላይ ጻፍኩና የመኝታ ቤቴ ወለል ላይ ደረደርኩ።

መሃል ላይ አንድ ነገር አልጣመኝም። ከላይ ቻን የሚባል ሰው አለ። ከታች፣ የሲፉ መምህር፣ እሱም ቻን ነው። በሁለቱ መካከል ሞክ የምትባል ሴት አለች፣ በእርሳስ። እኔ ያደግኩት አባዬ ሰባት አያቶቼን በስም እያስቆጠረኝ ነው። ትውልድ ሲቆጠር አባት፣ የአባት አባት፣ ከዚያ የእሱ አባት ነው። ከሰባቱ አንድም የሴት ስም የለም፤ እንደሌለም አስተውዬ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ሁለት ቻን ሳይ አባትና ልጅ ናቸው አልኩ። ልጅ ከአባቱ ነው የሚማረው። ካርዷ ሳት ብሎ መሃል የገባ መሰለኝና ወደ ዳር ወሰድኳት። ከዚያ ደግሞ ዳር ላይ ብቻዋን ስትሆን ባነሩ ስላላማረ አወጣኋት።

ፍሩትቬል ሰፈር ያለው ማተሚያ ቤት በቀይ ላይ በወርቃማ ቀለም አሳመረልኝ። ቀለምና እርሳስ የሚባል ልዩነት የለም፤ መነኮሳቱም፣ ሁለቱ ቻኖችም፣ ሲፉም እኩል ያብረቀርቃሉ። ሲፉ ቀድመው እንዲያዩት አላደረግኩም። ሰርፕራይዝ ነበር።

የምሳው ቀን አቶ ታም ከስድስት ተማሪዎች ጋር መጡ። ሱፍ ለብሰው ከረባት አስረዋል። ሰላምታ ሳይጨርሱ ወደ ባነሩ ሄዱና ከላይ ጀምረው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። መሃል ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ተመልሰው ከላይ ጀመሩ። ከዚያ ወደ ሲፉ ዞረው ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገሩና ወጡ። ስድስቱ ተማሪዎች ተከተሏቸው፤ ጆይስ ብቻ በር ላይ ዞር ብላ አየችኝ። ጠረጴዛው ላይ ዓሣው ገና ይጨስ ነበር።

ምን አሉ ብዬ ሲፉን ጠየቅኳቸው። «‹መልካም ምግብ› ብሎን ነው የሄደው» አሉኝ።

ከዚያ ባነሩ ፊት ቆሙ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አነበብኩት፣ አሁን በእሳቸው ዓይን። አልተቆጡኝም። ሞክ የትልቁ ቻን ተማሪ እንደነበረች፣ ትንሹ ቻንና አቶ ታም ሁለቱም ከእሷ እንደተማሩ፣ ሁለቱ ቻኖች ዘመድ እንኳ እንዳልሆኑ ነገሩኝ። አቶ ታም እንዲመጡ ሲፉ ያግባቧቸውም የሞክ ስም ግድግዳ ላይ ይኖራል ብለው ነበር። «ሳላይ ያሰቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ፤ ወንበር ላይ ወጥተው ባነሩን ሊያወርዱ ሲሉ ጉልበታቸው እምቢ አላቸው። እኔ ወጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ከባድ ጨርቅ ተሸክሜ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ሲፉ ሦስት ጊዜ ደወሉ፤ ከሳን ሆዜ ስልክ የሚያነሳ ጠፋ።

ለእማዬ የነገርኳት ኩሽና ውስጥ ነው፣ እንደ ልማዴ በእንግሊዝኛ። እሷ በአማርኛ መለሰች።

«ሴትዮዋ ሞታለች?»

አዎ አልኳት።

«እና የሞተች ሴት ስም ነው ያወጣሽው። እንዲያምር ብለሽ።»

ኢሜይል ልጽፍላቸው ነው አልኳት። እጇን በፎጣ እየጠረገች ቆየችና፣ በኢሜይል ይቅርታ የሚጠየቀው ላይብረሪ ነው አለች። በእኛ ደንብ ያጠፋ ሰው ብቻውን አይሄድም፤ ቀድሞ የሚናገርለት ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል። የድሮ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነበር የሚሄደው፤ አንቺን ግን ፍሪዌይ ላይ ድንጋይ አላሸክምሽም አለችኝ። ማንን እንያዝ፣ ጋሽ እከሌን፣ ፓስተሩን ስላት ራሷን ነቀነቀች።

«ሽማግሌሽ እኔ ነኝ። ለሰውየው ኮል አታድርጊ። ዝም ብለን እንሄዳለን።»

ሺፍት ቀየረች። ሲፉ ብርቱካን ይዛችሁ ሂዱ አሉን። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እማዬ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ፣ 880 ፍሪዌይን በቀኙ ረድፍ ቀስ ብላ እየነዳች፣ ሳን ሆዜ ደረስን። ትምህርት ቤታቸው ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ነው። በሩን የከፈተችልን ጆይስ ናት። ሠላሳ ዓመት ይሆናታል፤ እኔን ስታይ መንገድ ለቀቀች፣ እማዬን ስታይ ወንበር አመጣች።

እማዬ አልተቀመጠችም። አቶ ታም ሻይ እየጠጡ ነበር። እማዬ ብርቱካኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ልጄ አጥፍታለች፣ የመጣነው ልናስረዳ አይደለም፣ ቆመን ልንሰማ ነው አለቻቸው። እንግሊዝኛዋ የተሰባበረ ነበር። እኔ ላርምላት አፌን ስከፍት በክርኗ ነካችኝ።

አቶ ታም ወደ እኔ ዞሩ። «ለምን አወጣሻት?»

ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር። ማተሚያ ቤቱ፣ ቦታ ማነሱ። ግን እማዬ አጠገቤ ቆማለች። ስለዚህ እውነቱን ነገርኳቸው፤ አባቶች ብቻ መቁጠር እንደተማርኩ፣ ሴት መሃል ላይ ሳይ የተሳሳተ ቦታ የገባች እንደመሰለኝ።

 አቶ ታም ተነስተው ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አመጡና ሰጡኝ። ትምህርት ቤታቸውን ሲከፍቱ ያሳተሙት ማስታወቂያ ነው፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። በእንግሊዝኛው በኩል መስራቹ የታላቁ ቻን ቀጥተኛ ደቀ መዝሙር ናቸው ይላል።

«እኔ ታላቁን ቻን አይቼው አላውቅም» አሉ። «ያስተማረችኝ እሷ ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች። ከልብስ ሰፊ ተማርኩ ብል ማን ይመጣል አልኩ። ስትሞት ይህ ወረቀት በር ላይ ተለጥፎ ነበር። አንቺ ግድግዳ ላይ የሰቀልሽው የእኔን ሥራ ነው።»

 እማዬ ያን ጊዜ ተቀመጠች። በቃ፣ ለማውራት የመጣች ሰው ሆነች። ሴትዮዋ ምን ትሰፋ ነበር ብላ ጠየቀች።

አቶ ታም እስከ ምሳ ሰዓት አወሩ፣ እኔ ጻፍኩ። ሞክ ኦክላንድ ውስጥ በአንድ ልብስ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ የሴት ካፖርት። የምታስተምራቸው በእረፍት ሰዓት፣ በሁለት ረድፍ የስፌት ማሽኖች መካከል ነበር። መተላለፊያው ጠባብ ነው፤ ሰፋ አድርጎ የረገጠ ሰው ማሽን ይነካል፣ ማሽን የነካ ደግሞ የዚያን ቀን ትምህርቱ አለቀ። እየተናገሩ ተነሱና በሁለት ወንበሮች መካከል ገብተው አሳዩን። ተረከዝ ከተረከዝ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ዞሩ። የእኛ ጠባብ እርምጃ! ለአሥራ አራት ልጆች ጀልባ እያልኩ የነገርኩት። ጀልባ የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም፤ የነበረው የካፖርት ጨርቅ ነው።

ስንነሳ፣ ጆይስን እልካለሁ አሉ። ግን በአንድ ነገር። በነሱ ደንብ ተማሪ የሚሰለፈው በዕድሜ ወይም በጉልበት አይደለም፣ ወደ ትምህርት ቤቱ በገባበት ቀን ነው፤ ቀድሞ የገባ ከፊት ይቆማል። «የሞክን ስም አውጥተሽ የተማርሽው ትምህርት የሞክ አይደለም» አሉኝ። «ጆይስ የመጣች ቀን አንቺ የገባሽበት ቀን ነው።» የአምስት ዓመት ትምህርቴ በአንድ አረፍተ ነገር ሄደ። እማዬን አየኋት። ብርቱካን እየላጠች ነበር፤ ቅር ያላት አትመስልም።

ለልጆቹ ጀልባውን ትቼ የስፌት ማሽኖቹን ነገርኳቸው፤ ለሲፉም የጻፍኩትን አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያ ደብተራቸውን አውጥተው ከሞክ ስም አጠገብ አቶ ታም የነገሩኝን ጨመሩ፣ አሁንም በእርሳስ። ቅር ብሎኝ አቶ ታም እኮ አይተዋታል አልኳቸው። ታም አይቷል፣ እኔ ሰማሁ አሉ፤ እሱ በራሱ ደብተር በቀለም ይጻፋት። እንዲህ ዓይነት አለቃ ነው የነበረኝ። ሳልጠይቃቸው ቀድሜ ያሳተምኩትን ይቅር ብለውኛል፤ እርሳሱን ግን አንድም ቀን አላለሰለሱልኝም። ስለ ሁለቱም አመሰግናቸዋለሁ።

ሰኔ ላይ ቁልፉን መለስኩ። አቅፈውኝ አያውቁም፣ ያን ቀንም አላቀፉኝም፤ ጫማዬን አንስተው ገለበጡ፣ ተረከዙን አዩ፣ «ደህና ነው» ብለው መለሱልኝ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ጆይስ መጣች። ልጆቹ በረድፍ ቆሙ። እኔ ከሁሉም ኋላ ሄጄ ከስድስት ዓመቷ ልጅ ጀርባ ቆምኩ። ዞር ብላ ከታች ወደ ላይ አየችኝና ለምን እዚያ እንደቆምኩ ጠየቀችኝ። አዲስ ነኝ አልኳት። ትንሽ አሰበችበት። ከዚያ እግሬን በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ ውስጥ አስገባችውና፣ «አጥብቢ፤ ማሽን ትነኪያለሽ» አለችኝ።